ስድስተኛው በርሜል

ቆርቆሮ ሠሪው በዚህች ዓለም ላይ የሚፈራው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ አንዱ ሚስቱ ስትቆጣ፣ ሌላው ሚስቱ ዝም ስትል። የቀረውን ሁሉ ችሎ ይኖራል። አማቱን እንኳ፣ ያቺን ምላሷ ከመቀስ የሰላ ሴትዮ፣ "እሺ እማማ" እያለ በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው ያፈስሳት ነበር። ታዲያ ባለፈው ክረምት የሁለቱም ፍርሃቶች ተራ በአንድ ሳምንት ውስጥ ደረሰ። ጥፋቱም የራሱ ነው፤ እኔ በማንም አላሳብብለትም።

ነገሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ስለ በርሜሎቹ ልንገራችሁ።

ሚስቱ በከተማው ዳር ላለችው ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ ጠባቂ ናት። ማረፊያ ሲባል ወለሉ የሚያብረቀርቅ አዳራሽ የታየው ሰው ካለ ተሳስቷል። አንድ ረጅም የሣር ሜዳ፣ አንድ የነፋስ ማሳያ ከረጢት፣ አንዲት ባለ አንድ ክፍል ቤት፣ በቃ። በሳምንት ሁለት ቀን አራት ሰው የምትይዝ አውሮፕላን ፖስታና መድኃኒት ጭና ትመጣለች። በሜዳው ጠርዝ ነጭ ቀለም የተቀቡ አሥር በርሜሎች በየመቶ እርምጃው ተሰልፈዋል። ከአንድ እስከ አሥር ያለውን ቁጥር በጥቁር ቀለም የጻፈችባቸው ራሷ ናት። ውስጣቸው እስከ አፋቸው ድንጋይ ነው።

ጉም በሆነ ቀን ሥራዋ እንዲህ ነው። በሩ ላይ ትቆማለች፣ በርሜሎቹን ትቆጥራለች፣ ያየችውን በራዲዮ ለአብራሪው ትነግረዋለች። አምስት በርሜል ከታየ ማረፍ ይቻላል። አራት ከሆነ አውሮፕላኗ ፊቷን አዙራ ወደመጣችበት ትመለሳለች። ልመና የለም፣ "እስቲ ደግመሽ እዪ" የለም። በመነጽር ማየትም ክልክል ነው፣ አብራሪው የሚያየው በባዶ ዓይኑ ነዋ! ሃያ ሁለት ዓመት ስትቆጥር አንድ ቀን አልተሳሳተችም። አንዴ አንድ ትልቅ ሹም ተሳፍሮ ሳለ "አራት" ብላ መለሰችው። ሹሙ በራዲዮ ሲቆጣ "ጌታዬ፣ ጉሙን ይቆጡት፣ እኔ ምን ላድርግዎ?" አለችው ይባላል። ከተማው እስከ ዛሬ ይህን እያነሳ ይስቃል።

ያቺ ባለ አንድ ክፍል ቤት ግን በክረምት ሰው የሚቀመጥባት አይደለችም። አምና ሚስትየው እዚያ ውስጥ ሁለት ወር ሙሉ ስትስል ከረመች። ምድጃ ይሰጠኝ ብላ ለመሥሪያ ቤቱ ሦስት ጊዜ ጻፈች፤ "ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው" የሚል አንድ መልስ መጣላት። ባልየው ሌሊት ሌሊት ሳሏን ሲሰማ ከረመና፣ በዚህ ዓመት ብርዱ ሳይገባ ራሴ እሠራላታለሁ ብሎ ቆረጠ። ችግሩ ምድጃ በስስ ቆርቆሮ አይሠራም፤ በወሩ ተቃጥሎ ይበሳል። ወፍራም ብረት ይፈልጋል። ወፍራም ብረት ደግሞ በዚያ ከተማ ውስጥ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ አሥር ሆኖ፣ ነጭ ተቀብቶ፣ ሜዳ ላይ ተሰልፎ።

ሚስቱ እህቷን ልትጠይቅ ለሁለት ቀን በሄደችበት ጊዜ ሰውዬው የስድስተኛውን በርሜል ድንጋይ ከሜዳው ጠርዝ ወዲያ ባለ ጉድባ ውስጥ ገለበጠና በርሜሉን በጋሪ ወደ ሱቁ ወሰደው። በምትኩ ከስስ ቆርቆሮ አንድ በርሜል ጠቀለለ፣ ነጭ ቀባ፣ የሚስቱን የእጅ ጽሕፈት አስመስሎ ስድስት ቁጥርን ጻፈበትና ቦታው ላይ አቆመው። ከሩቅም ከቅርብም ላየው ሰው ቁርጥ ስድስተኛው በርሜል ነው። ድንጋዩን ግን አልመለሰም። ስሱ ቆርቆሮ ድንጋይ ቢሞላበት መጋጠሚያው ይለቃል፤ የሚያጠብቅ የብረት ቀለበት መሥራት ነበረበት፣ ጊዜ አጠረው፣ ስለዚህ "ለጊዜው" ብሎ ባዶውን ተወው። ለጊዜው! ስንቱ ጉድ የመጣው በዚህች ቃል ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አሉ።

ምድጃው ግን አማረ። ጥቁር ቀብቶት፣ ትንሽ በር አውጥቶለት፣ ጭስ ማውጫውን በግድግዳው አሳልፎ ሲለኩሰው ያቺ በረዶ ቤት በሩብ ሰዓት ሞቀች።

"በርሜሉን ከየት አመጣኸው?" አለች ሚስቱ እጆቿን እያሞቀች።

"ከዘይት ነጋዴው። አሮጌ ነው፣ ሊጥለው ሲል ደረስኩበት።"

ምድጃውን አየችው፣ እሱን አየችው። "እጅህ ይባረክ" አለች። ሌላ አልጨመረችም። ሳሉም በዚያ ዓመት ደጃፏን አልረገጠም።

አሁን ወደዚያ ቀን እንምጣ። ሌሊቱን በረዶ የቀላቀለ ነፋስ ጣሪያ ሊነቅል ሲታገል አደረ። ቆርቆሮ ሠሪው በእንቅልፍ ልቡ "ነገ ጣሪያ ጠግንልኝ የሚል ደንበኛ ሞልቷል" ብሎ ፈገግ አለና ተገላብጦ ተኛ። በርሜሉ ትዝም አላለው። ሲነጋ ነፋሱ ጸጥ ብሎ በቦታው ጉም ተኝቷል፤ መሬቱ በቀለጠ በረዶ ተጨማልቋል። ነፋሱ የምድጃውን ጭስ ማውጫ አላልቶት ስለነበር ሰውዬው መሰላሉን ተሸክሞ ከሚስቱ ጋር ወደ ማረፊያው ሄደ።

አብራሪውን ከተማው የሚያውቀው "ዘፋኙ" በሚል ስም ነው፤ በራዲዮ ሲያወራ በየመሃሉ ይዘፍናል፣ ድምፁ ደግሞ፣ እግዜር ይየው፣ ለዘፈን የተፈጠረ አይደለም። ያን ዕለትም እየዘፈነ መጣ።

"እትዬ! ስንት ነው ዛሬ?"

ሚስትየው ስካርፏን አጥብቃ በሩ ላይ ቆመች። ጣቷን ዘረጋች። "አንድ... ሁለት... ሦስት... አራት..." ዓይኗን ጠበብ አደረገች። "አምስት። የመጨረሻው ደብዘዝ ብሏል፣ ግን አለ። አምስት ናቸው!"

"ኑሪልኝ እትዬ!" አለ ዘፋኙ፣ ዘፈኑንም ካቆመበት ቀጠለ።

ቆርቆሮ ሠሪው መሰላሉ ላይ ሆኖ ድምፁ በራሱ ላይ ሲያልፍ ሰማ። አንድ ጥላ ከቤቱ በላይ ሽው ብሎ ጉሙ ውስጥ ገባና ጠፋ። በራዲዮው የነበረው ዘፈን መሃሉ ላይ ተቆረጠ። ከዚያ በጭቃ ላይ የሚንሸራተት ነገር ረጅም ድምፅ፣ ከዚያ የአጥር መሰበር፣ ከዚያ አንድ ትልቅ "ዷ!"፣ ከዚያ ምንም።

"የሰው ያለህ!" አለች ሚስቱ። ወደ ሜዳው ልትሮጥ አንድ እግሯን አነሳችና መለሰችው፤ ደንቡ ከራዲዮው አትነሺ ነው፤ ለዋናው ጣቢያ መናገር፣ መልስ መጠበቅ አለባት። "አንተ! ምን ትገተራለህ? ሩጥ!"

ከመሰላሉ ወረደ አይባልም፣ ወደቀ ነው የሚባለው። ሮጠ። አንደኛውን በርሜል አለፈ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን አለፈ። ከዚያ፣ አራተኛው ጋ ሳይደርስ፣ አንድ ነጭ በርሜል ሣሩ ላይ በጎኑ ተጋድሟል። ቁጥሩ ወደ ላይ ነው። ስድስት።

ክው አለ። ሌሊት ነፋሱ ባዶውን ቆርቆሮ እንደ ኳስ እያንከባለለ አምጥቶ በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ጥሎታል። ሚስቱ የቆጠረችው አልተሳሳተም፤ አምስት በርሜል አይታለች። የታየው ርቀት ግን የአራት ነበር። በጉም ውስጥ ደግሞ የቆመና የተጋደመ በርሜል አይለይም፣ ሁሉም ነጭ ነገር ነው።

እግሩ ግን አልቆመም፤ ለዚህ እንኳ ላመስግነው። ሰው ሞቶ ይሆናል በሚል ፍርሃት እስከ ሜዳው መጨረሻ ሮጠ። ገና አሥረኛው በርሜል ጋ ሳይደርስ ከጉሙ ውስጥ የአማቱ ድምፅ ደረሰው።

"ይሄ ሁሉ ሰማይ ጠቦህ ነው ጎመኔ ላይ የወረድከው?"

ተመስገን አለ። እማማ ሬሳ አይሳደቡም፤ ሰውዬው በሕይወት አለ ማለት ነው።

አውሮፕላኗ አጥሩን ጥሳ የአማቱ ጥቅል ጎመን ማሳ ውስጥ አፍንጫዋን ቀብራ፣ ጭራዋን ወደ ላይ ሰቅላ ቆማለች። ፕሮፔለሩ ተጣሟል። ዘፋኙ ቅንድቡ ላይ ተቧጥጦ፣ ክንፉ ሥር ጎመን መሃል ተቀምጧል፣ እማማ ከላዩ ቆመው ይቆጡታል። ብቸኛው ተሳፋሪ በየወሩ የሚመጣው ጥርስ ሐኪም ነው። ቦርሳውን ደረቱ ላይ እንዳቀፈ ከበሩ ወርዶ በእግሩ ቆሟል፣ ፊቱ ግን ኖራ መስሏል።

"'ትንሽ ብቻ ነው የምትነቀነቀው' አለኝ" አለ ጥርስ ሐኪሙ ወደ አብራሪው እያመለከተ። "ትንሽ ብቻ!"

"አንተስ ለሰው ሁሉ የምትለው እሱን አይደል?" አለ ዘፋኙ። ሁለቱም ተያዩና ሳቅ ገደላቸው፤ ከሞት አፍ የወጣ ሰው የሚስቀውን ዓይነት ሳቅ።

ያን ጊዜ ነው ጩኸቱ የተሰማው። ጪው ጪው ጪው! ከኋላ የተጫነው ካርቶን ተቀዶ ስድሳ የአንድ ቀን ጫጩት በጎመኑ መሃል ተበትኗል። እማማ ድምፃቸው ተለወጠ።

"ውይ ጫጩቶቼ! በመከራ ያስመጣኋቸው ጫጩቶቼ! ምን ታፈጣላችሁ? ልቀሙ እንጂ፣ በብርድ ሊያልቁ ነው!"

አብራሪውም ሐኪሙም ተንበርክከው ጫጩት ለቀማ ገቡ። ዘፋኙ ቀና ብሎ ቆርቆሮ ሠሪውን "ጋሼ፣ ሩጥና ለእትዬ ሁላችንም ደኅና ነን በላት፣ ነፍሷ ተጨንቃለች" አለው።

እንግዲህ የሰውዬው ጥፋት እዚህ ጋ ነው። በርሜሉን መስረቁ አይደለም፣ እሱስ ለፍቅር ነው። እየሮጠ ተመለሰ፣ ሣሩ ላይ የተጋደመው በርሜል ጋ ሲደርስ ቆመ። ወዲያ አየ፣ ወዲህ አየ፤ ጉም ነው፣ ማንም የለም። ከዚያ በርሜሉን በእጁ እየገፋ እስከ ስድስተኛው ቦታ ወሰደው፣ ሣሩ ቢጫ ክብ ሠርቶ በቆየበት ላይ በትክክል አቆመው፣ ጭቃውን በእጅጌው ጠረገው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ስንት ሰው እንደሞተ የሚነግራትን እየጠበቀች ነበር። ሲደርስ ፊቷ ደም አልነበረውም።

"ሁሉም ደኅና ናቸው!" አላት እያለከለከ። የበሩን መቃን ይዛ ቁጢጥ አለችና እንደ ሕፃን አለቀሰች።

ከሰዓት በኋላ ጉሙ ሲገለጥ ጫጩቶቹ ምድጃው ዙሪያ በካርቶን ተደርድረው፣ ዘፋኙ ቅንድቡ ታሽጎ፣ ጥርስ ሐኪሙ ከካፖርቱ ኪስ የመጨረሻዋን ጫጩት እያወጣ ሳለ፣ ሚስትየው ወደ በሩ ሄደች። አሥሩም በርሜሎች ተሰልፈው ቆመዋል።

"እትዬ፣ አትቆጪኝና" አለ ዘፋኙ በቀስታ፣ "እኔ ስወርድ ከሦስት በላይ አላየሁም። ሜዳው ሲገለጥልኝ ግማሹ አልቆ ነበር።"

"አሥሩም ቦታቸው ላይ ናቸው" አለች። "ታዲያ እኔ አምስተኛውን ከየት አምጥቼ ነው የቆጠርኩት?"

ቆርቆሮ ሠሪው እንጨት ለመጨመር ጎንበስ አለና ሳያስፈልግ ሦስት ግንድ ጨመረ።

እማማ ለመሄድ ተነሱ። "ልጄ፣ ጫጩቶቹ ስንት ናቸው? እንደ ልማድሽ አንድ ጊዜ እይልኝ።" ልጃቸው ጫጩት ይሁን የወፍ መንጋ አንድ ጊዜ አይታ ቁጥሩን በመናገር የታወቀች ናት።

"አንተ ቁጠርላት" አለች ወደ ባሏ ዞራ። "የኔ ቁጥር አይታመንም።"

ተንበርክኮ ቆጠረ፤ አንዴ ሃምሳ ስምንት ወጣለት፣ ሌላ ጊዜ ስድሳ ሦስት። እማማ "ይሄ ሰው ድሮም ለመዶሻ ነው የተፈጠረው" ብለው ራሳቸው ቆጠሩ። ስድሳ፤ አንድ አልጎደለም። ሌላ ቀን ቢሆን ሚስቱ በዚህ አንድ ሳምንት ትስቅበት ነበር። ያን ቀን ፈገግም አላለች።

ቀጥለው የመጡት ሦስት ቀናት ዝምታ ነበሩ፤ ያ የሚፈራው ሁለተኛው ነገር። ሚስትየው መርፌ ላይ ክር ልታስገባ ታነሳና ገና ሳትሞክረው ለሱ ትሰጠዋለች። መንገድ ላይ ሰው ሲመጣ "ማነው እሱ?" ትለዋለች፣ እያየችው። ደግሞ ለመሥሪያ ቤቱ ተናግራለች፤ መርማሪ ሲመጣ ቁልፉን አስረክባለሁ ብላለች። "ሰው ሳልገድል ልተወው" ነው የምትለው።

መናገር ፈልጎ ነበር፣ አልፈለገም አልልም። በመጀመሪያው ጠዋት ቁርስ ላይ ጉሮሮውን ጠራረገ።

"አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር።"

"ምን?"

አያት። "ሻዩ... ሻዩ ጥሩ ነው።"

በሁለተኛው ቀን ሱቁ ውስጥ መዶሻውን ፊት ለፊቱ አቁሞ ተለማመደ። "ጥፋቱ የኔ ነው" አለው ለመዶሻው፣ "ሙሉ በሙሉ የኔ ነው።" ዞር ሲል አንድ ደንበኛ የሚያፈስ ባልዲ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። "እኔም ያልኩት እሱን ነው!" አለ ደንበኛው። "ባለፈው ሳምንት ነው የደፈንክልኝ፣ ይኸው ያፈስሳል።" ቆርቆሮ ሠሪው ባልዲውን ተቀብሎ ደፈነለት።

በሦስተኛው ቀን መርማሪው መጣ፤ ረጅም፣ መነጽር ያደረገ፣ በብርድ አፍንጫው የቀላ ሰው። ሜዳውን በእርምጃ ለካ፣ የጎማውን ዱካ አየ፣ ከዘፋኙ ጋር ተነጋገረ። ከዚያ ሁሉም ባለ አንድ ክፍሏ ቤት ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ዘፋኙ፣ አውሮፕላን አጥቶ የቀረው ጥርስ ሐኪም፣ ጫጩቶቻቸውን ሊያዩ የመጡት እማማ። መርማሪው ሁለት እጁን ወደ ምድጃው ዘርግቶ "ይሄ ነገር ነፍስ ነው!" አለ። "እንዲህ ያለ ምድጃ በኛ ቢሮ እንኳ የለም።"

ቆርቆሮ ሠሪው ከምድጃው አንድ እርምጃ ራቀ።

"ወደ ጉዳዩ ስንመለስ" አለ መርማሪው ወረቀት እያወጣ፣ "እርስዎ ያሉት አምስት ነው። አብራሪው ያየው ከሦስት አይበልጥም። በርሜሎቹ ቦታቸው ላይ ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገሉትን ሰው እንዲህ ማለት ይከብደኛል፣ ግን ሌላ ምክንያት አላገኘሁም።"

"አይክበድዎ" አለች። "እኔም አላገኘሁም።" ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ወረቀቱ ላይ "በዓይን ድካም ምክንያት" የሚል ተጽፏል። ብዕሩን አነሳችና ወደ ባሏ ዞረች። "የት ጋ ነው የምፈርመው? አሳየኝ እስቲ።"

መስመሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ከደጅ የሚያልፍ ሰው ያየዋል። የማረፊያዋ ሴት ያን መስመር ለማየት የሱን ጣት ለመነች።

"አትፈርሚ!" አለ። ድምፁ እሱንም አስደነገጠው፤ ጫጩቶቹ እንኳ ጸጥ አሉ። "አምስት ነበሩ! አምስት በርሜል ነው ያየሽው። እኔ ነኝ! ስድስተኛው ባዶ ቆርቆሮ ነው፣ ነፋስ አንከባሎ አምጥቶ ሦስተኛውና አራተኛው መካከል ጣለው። እኔ ነኝ መልሼ ያቆምኩት። ሁሉም ደኅና ናቸው ብዬ ልነግርሽ ስመጣ፣ አንቺ እዚህ ቆመሽ ስትጠብቂ፣ እኔ መጀመሪያ በርሜሉን አቆምኩ። ዓይንሽ ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ።" እንባው መጣ፣ አልደበቀውም።

ሁሉም ተከታትለው ወጡ። ስድስተኛው በርሜል ጋ ሲደርሱ መርማሪው አንድ ጣቱን አሳርፎ ገፋ አደረገው። በርሜሉ ኮሽ ብሎ ወደቀና እየተንከባለለ ሄደ፤ ዘፋኙ ሮጦ ያዘው። እማማ አማቻቸውን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት። "ጎመኔን የጨረስከው አንተ ነህ ለካ!" አሉ። እሱም "አዎ እማማ" አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለቱም ጆሮው ሰምቷቸው።

ተመልሰው ሲገቡ መርማሪው በብርድ እየተንቀጠቀጠ ቀጥታ ወደ ምድጃው ሄደና ጀርባውን ሰጠው። "እሺ፣ ይሄ ገብቶኛል። እውነተኛው ስድስተኛ በርሜልስ የት ነው ያለው?"

ቆርቆሮ ሠሪው ጫማውን አየ። መልሱን የሰጠችው ሚስቱ ናት።

"እየሞቁት ነው ጌታዬ።"

መርማሪው ዞሮ ምድጃውን አየ። ባልየው ደግሞ ሚስቱን አየ።

"እዚያ፣ እግሩ ሥር፣ አመዱ ከሚወጣበት በስተቀኝ" አለች ከወንበሯ ሳትነሳ። "የስድስት ቁጥር ጭራ አለች፣ በጥቁር ቀለም ላይ ጥቁር። ጭራዋን ወደ ውስጥ የምጠቀልለው እኔ ብቻ ነኝ። ምድጃው በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው ያየኋት።"

መርማሪው ተንበረከከ፣ አላገኛትም። ጥርስ ሐኪሙ ተንበረከከ፣ እሱም አላገኛትም። በመጨረሻ ሐኪሙ ጥርስ የሚያይባትን ትንሽ መብራት ከቦርሳው አውጥቶ ሲያበራ ጭራዋ ታየች፤ ከጥፍር አትበልጥም። መርማሪው ከምድጃው እስከ ወንበሯ ያለውን በዓይኑ ለካና ቀስ ብሎ ተነሳ። ወረቀቱን ለሁለት ቀደደው፣ ቁልፉንም ወደሷ ገፋው። "በሪፖርቴ ላይ የምጽፈው ነፋስ ምልክቱን አንቀሳቀሰው ነው። እርስዎ ግን" አለው ባልየውን፣ "ያ በርሜል እንደ ጓደኞቹ ድንጋይ ሳይሞላበት አውሮፕላን ሜዳውን አይረግጥም።"

"ታውቂ ነበር?" አላት ባሏ፣ ሌሎቹ ጫጩቶቹን ሲከቡ። "ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ምድጃውን ስታሳየኝ ፊትህን አይቼ። እንዴት ብዬ ነው 'ሌባ' የምልህ?" ስካርፏን አስተካከለች። "አዲሱንም ድንጋይ ሞልተህበታል ብዬ ነበር። ከዚያ ይሄ ነገር መጣ። አንድ የማውቀው ሰው እዚህ ቤት ሦስት ቀን አይቶኝ ዝም ይላል ብዬ አላሰብኩም። ዓይኔን ጠረጠርኩ እንጂ አንተን አልጠረጠርኩም።"

ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ደግነቱ ጩኸቱም ሳይቆይ መጣ፤ መርማሪው ከወጣ በኋላ፣ እማማም እያገዙ፣ ለሁለት ሰዓት ያህል። ቆርቆሮ ሠሪው እያንዳንዷን ቃል "ይገባኛል" እያለ ተቀበለ፤ እውነቱን ልንገራችሁና ደስ ብሎት ነው የተቀበለው። ዝምታው አልቆ ነበራ።

በማግስቱ ሰማዩ ጠርቶ ብርድ ብቻ ቀረ። ሰውዬው በርሜሉን በሦስት የብረት ቀለበት አሰረውና ድንጋይ ማመላለስ ጀመረ፤ ጉድባው ውስጥ ራሱ በገለበጠው ክምርና በበርሜሉ መካከል፣ በትከሻው፣ እየተንገዳገደ። ዘፋኙ ጎመን ማሳ ውስጥ ፕሮፔለሩን እየፈታ በአስቀያሚ ድምፁ ያዜምለታል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቆርቆሮ ሠሪው ወገቡን ያዘ፣ እጁን ወደ ቤቷ አወዛወዘና ጮኸ።

"ሞልቷል!"

ሚስቱ ከስድስት መቶ እርምጃ ርቀት በሩ ላይ ቆማለች፣ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ።

"አልሞላም!" ብላ ጮኸች። "አንድ ድንጋይ ይቀረዋል!"

ጎንበስ ብሎ ውስጡን አየ። ከአፉ በታች፣ በቀኝ በኩል፣ ልክ አንድ ድንጋይ የሚያስገባ ክፍተት ነበር። ብቻውን እየሳቀ ወደ ክምሩ ተመለሰ።